ወክ ነፃ ነው፤ ወንበር ግን ይከፈልበታል

ቅዳሜ ከሰዓት ስልኬ ይጮኻል። "የት ነህ? ወክ እንብላ?" ይላል ጓደኛዬ። የአዲስ አበባ ልጅ ብር ሲያጥረው የሚበላው ወክ ነው፤ በእግር መንሸራሸር ማለት ነው። ደመወዝ በወጣ ማግስት ያለው ቅዳሜ "ምን እንብላ?" ይባልበታል። ደመወዝ ሊወጣ ሲል ያለው ቅዳሜ ደግሞ ወክ ይበላበታል።

ባለፈው ከስድስት ኪሎ ተነሥተን ቁልቁል ወረድን። በአምስት ኪሎ አድርገን አራት ኪሎ ደረስን፤ ከዚያ ወደ ፒያሳ ታጠፍን። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ መብራቱ በየቦታው ያብረቀርቃል። አንድ ፏፏቴ አጠገብ ልጆች እጃቸውን ውሃ ውስጥ እየነከሩ ይስቃሉ፣ እናቶቻቸው "ልብስሽን!" እያሉ ይቆጣሉ። አንዱ ጎረምሳ ፍቅረኛውን ስልክ አስይዞ አሥር ጊዜ ያስነሣታል፣ አሥሩንም ፎቶ አይወደውም። ሁለት ሰዓት ያህል ዞርን። እስከዚያ ድረስ ከኪሳችን ቤሳ አልወጣም። ከዚያ ጓደኛዬ ጫማውን አየት አደረገና "አንድ ቦታ ቁጭ አንልም?" አለ።

ወጪው የጀመረው እዚህች ላይ ነው።

ካፌ ገባን። ሁለት ማኪያቶ አዘዝን። አስተናጋጇ "ውሃስ?" ስትል እምቢ ማለት አፈርን፤ ውሃም መጣ። ደረሰኙ ሲመጣ ሜኑው ላይ ካየነው ሌላ ሆኖ አገኘነው። በአንዳንድ ቤት አሠራሩ እንዲህ ነው፦ 100 ብር የተባለው ነገር ላይ መጀመሪያ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመራል፣ 110 ይሆናል። በ110ሩ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲያርፍበት 126 ብር ከ50 ሳንቲም ይወጣዋል። ከዚያ የአስተናጋጇ ቲፕ አለ። ሜኑው ግርጌ በደቃቅ ፊደል "ዋጋው ቫትን አይጨምርም" ይላል፤ መነጽር ለረሳ ሰው አይታይም።

እውነቱን እንነጋገርና፣ አንዳችንም ማኪያቶ አላማረንም ነበር። እግራችን ነው የደከመው። እኔ ደግሞ፣ አይነውር፣ ሽንት ቤት ፈልጌ ነበር። ማኪያቶው የወንበሩ ኪራይ ነው። ይህን ነገር አንዴ ካሰቡት በኋላ የከተማዋን ቅዳሜና እሁድ በሌላ ዓይን ማየት ይጀምራሉ። አዲስ አበባ ውስጥ የሚታይ፣ የሚሰማና የሚዞርበት ነገር በነፃ ሞልቷል። በነፃ የጠፋው መቀመጫው፣ ጣሪያውና መድረሻው ነው። "መዝናናት ተወደደ" ስንል አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ እነዚህ ሦስቱ ነው።

መወደዱ እንዳለ ሆኖ ነው ታዲያ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ቡናውና ወተቱ የአገር ውስጥ ነው ብንልም ማሽኑ፣ መለዋወጫውና ነዳጁ ከውጭ ነው የሚመጣው። የቤት ኪራይ የሚከፍለውም ባለ ካፌው ነው። የደመወዝተኛው ገቢ ግን በዚያ ፍጥነት አልሮጠም። ሰው ሲቸግረው መጀመሪያ የሚቀንሰው ጤፍ አይደለም፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ክፍያም አይደለም። እሁድን ነው የሚቀንሰው።

የሚገርመው ደግሞ ከተማዋ የመዝናኛ ቦታ ስትሠራ የከረመችው ኑሮ ሲወደድ በከረመበት በዚሁ ጊዜ ነው። አንድነት ፓርክ በ2012 ተከፈተ። ወዳጅነት ፓርክና እንጦጦ ፓርክ በተከታታይ መጡ። መስቀል አደባባይ በ2013 አዲስ መልክ ይዞ ተመረቀ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ተከፈቱ። በ2016 የጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ መንገዱን ራሱን መናፈሻ አደረገው። የሚከፈልበትም የማይከፈልበትም አለ። ግን ካርታ ዘርግታችሁ እነዚህን ቦታዎች አንድ በአንድ ምልክት ብታደርጉባቸው አንድ ነገር ወዲያው ይታያችኋል። ሁሉም ማለት ይቻላል ከእንጦጦ እስከ መስቀል አደባባይ ባለች አንድ ቀበቶ ላይ ተደርድረዋል።

ሰዉስ የት ነው? ሰዉማ ከተማው ዳር ነው፤ የካ አባዶ ነው፣ ኮዬ ፈቼ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ ነው፣ አራብሳ ነው። ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሣውም ወደ ዳር ነው የሄደው። ድሮ ፒያሳ የሚኖር ሰው ለመዝናናት ከበር መውጣት ይበቃው ነበር። ዛሬ ያው ሰው ያንኑ ሰፈር፣ ያውም አምሮበት፣ ለማየት ታክሲ ይሳፈራል።

እስቲ እናስላው። አባትና እናት ሁለት ልጆች ይዘው ከአባዶ አራት ኪሎ ሊመጡ ነው። ከአባዶ መገናኛ አንድ ታክሲ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ ሌላ ታክሲ። ለአራት ሰው ሲሄዱ ስምንት ሂሳብ፣ ሲመለሱ ስምንት፣ በድምሩ 16 ሂሳብ። ለዚህ ነው ረዳቱ "ልጁን እቀፊው!" ሲል እናት ሳትከራከር የምታቅፈው። የስድስት ዓመት ልጅ፣ እግሩ የፊት ወንበር የሚደርስ፣ እንደ ሕፃን ታቅፎ መገናኛ ይደርሳል። ሁለቱን ማቀፍ ከተቻለ ሂሳቡ በግማሽ ወርዶ ስምንት ይሆናል። የ"ነፃው" ፓርክ የመግቢያ ትኬት ይኼ ነው። የሚቆረጠው ፓርኩ በር ላይ አይደለም እንጂ።

ባቡሩ እዚህ ላይ ትልቅ ውለታ ይውል ነበር። በ2008 መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ያኔ ልጆቻቸውን ይዘው ከአያት ጦር ኃይሎች ሄደው በዚያው የሚመለሱ ወላጆች አውቃለሁ። የትም ለመድረስ ሳይሆን ባቡር ለመሳፈር። መስኮቱ ጋ የቆመ ልጅ ከተማዋን ከላይ ሆኖ ሲያያት መዝናናት ማለት ያ ነው። አሁንም ሰልፉና ግፊያው በሚረግብበት እሁድ ጠዋት ይህን መሞከር ይቻላል። ከሰዓት በኋላ ግን አልመክርም፤ መዝናናቱ ይቀርና የልጅ ጫማ ፍለጋ ይሆናል።

ታዲያ ወንበር በነፃ የሚገኘው የት ነው?

መጀመሪያ የምጠራው አብርሆትን ነው። አራት ኪሎ ከፓርላማው ፊት ለፊት ነው ያለው። ማንም ገብቶ ይቀመጣል። ወንበር አለ፣ ጣሪያ አለ፣ መብራት አለ፣ ሽንት ቤት አለ። መጽሐፉ እንደ ምርቃት ነው። ቀልዴን አይደለም፣ ለልጆች የተዘጋጀ ክፍልም አለውና እሁድ ከልጅ ጋር የት ልሂድ ለሚል ሰው ከዚህ የረከሰ ቦታ አላውቅም። አራት ኪሎ ድሮም የአንባቢ ሰፈር ነው። ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይቶ፣ ድንጋይ ላይ ወይ የሱቅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ፣ አንብቦ መመለስ የተለመደ ነበር። አከራዩ ሰዓት ይቆጥራል፣ አንባቢው የሥራ ማስታወቂያ ይገለብጣል። ያኔ የሚከራየው ጋዜጣው ነበር፤ ድንጋዩ በነፃ ነው።

ሁለተኛው መስቀል አደባባይ ነው። እዚያ ያሉትን ደረጃዎች ብዙ ሰው የሚያስታውሳቸው በደመራ ቀን ነው። እኔ የምወዳቸው ግን እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ብርዱ ገና አልለቀቀም። ሯጮች በየደረጃው ከጫፍ ጫፍ ይሮጣሉ፤ ሲጨርሱ አንድ ደረጃ ወጥተው ወደ መጡበት ይመለሳሉ። ከታች እስከ ላይ እንዲህ እባብ መስለው ይወጣሉ። አንዱ ቦርጫም ሰውዬ ከአንዲት ቀጭን ልጅ ኋላ ተነሥቶ፣ በሦስተኛው ዙር ደርሳ ስትደርበው "በርቱ አባባ" ትለዋለች። ይህን ሁሉ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል። አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ስለ ሩጫ የማያውቀው የለም፤ ራሱ ግን አይሮጥም። በዚያው ሰበብ፣ ከኅዳር 2011 ጀምሮ "መንገድ ለሰው" እየተባለ በወር አንድ እሁድ መንገዶች ለመኪና ይዘጉ ነበር። የዚያን ቀን ብስክሌት የሌለው ልጅ ሳይቀር የመንገዱ ባለቤት ይሆን ነበር።

ከአደባባዩ ጥግ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። መግቢያ አያስከፍልም፤ የፈቀደ ሳጥኑ ውስጥ ይጨምራል። መዝናኛ ልለው አፌ አይደፍርም። ፎቶዎቹን፣ የተገኙትን አጥንቶችና አልባሳት አይቶ ወጥቶ የሚስቅ ሰው የለም። ግን ቅዳሜ ሁሉ ለሳቅ አልተፈጠረም። ትልቅ ልጅ ያለው ሰው አብሮት ገብቶ ሲወጣ፣ ሰፈር እስኪደርሱ የሚያወሩት አያጡም።

ስድስት ኪሎ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። ቤቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የንጉሡ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ሳይቀር ይታያል። ትኬት አለው። ለእኔ ግን ደስ የሚለኝ ትኬት የማይጠይቀው፣ ከደጅ የቆመው ደረጃ ነው። የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ነው። ፋሺስቶቹ በወረራው ጊዜ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ዓመት ጀምረው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ አንድ እርከን እየቆጠሩ ሠሩት። ነፃነት ሲመለስ ደረጃው አልፈረሰም፤ ጫፉ ላይ ትንሽዬ የይሁዳ አንበሳ ወጥታ ተቀመጠችበት። ልጅ ካላችሁ እርከኑን አስቆጥሩት፣ ከዚያ ስለ አንበሳዋ ንገሩት።

የውጭ አገር የባህል ማዕከላትን ብዙ ሰው ይፈራቸዋል። ፒያሳ ያለው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለው ጎተ፣ የጣሊያን የባህል ተቋምም አለ። ፊልም ያሳያሉ፣ ዐውደ ርዕይ ይከፍታሉ፣ ሙዚቃ ያዘጋጃሉ። ብዙውን ጊዜ መግቢያው በነፃ ነው። ግን በሩ ላይ ጥበቃ አለ፣ ፍተሻ አለ፣ "ፈረንሳይኛ ሳልችል ምን ልሠራ" የሚል ሐሳብም አለ። ስለዚህ ሁልጊዜ የምታዩአቸው ያንኑ ሰዎች ነው። ሠዓሊው፣ የሠዓሊው ጓደኛ፣ ሁለት ፈረንጆች፣ አንድ ወይን የሚወድ ጋዜጠኛ። ወሬው በቴሌግራም ነው የሚለቀቀው። ቻናሉን የማያውቅ ሰው ዝግጅቱን የሚሰማው ካለፈ በኋላ ነው። ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ የሚደረጉ የመጻሕፍት ውይይቶችና የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች የሚያሳዩት ሥራም እንዲሁ ናቸው። በዚህ ከተማ ነፃ ነገር ለማግኘት ከብር ይልቅ ወሬ ያስፈልጋል፤ ወሬው ደግሞ ብር ካለው ሰው ጋ ቶሎ ይደርሳል።

እንጦጦን ሳልጠቅስ ባልፍ ይታዘቡኛል። ከሽሮ ሜዳ በእግር መውጣቱ በራሱ መዝናኛ ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ገና ባሕር ዛፉ ሳይሸት ትንፋሽ ይቆራረጣል። አንድ ታሪክ ሁሌ ያስቀኛል። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ሽሽት ወደ ፍል ውሃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር። ቦታውን ወደዱት፣ ቤት ሠሩበት፣ በ1879 ዓ.ም. ስሙን አዲስ አበባ አሉት። ከተማችን የተቆረቆረችው ወርዶ መዝናናት ሰበብ ሆኗት ነው ማለት ነው። ዛሬ እኛ በተቃራኒው ለመዝናናት ሽቅብ ወደ እንጦጦ እንወጣለን፤ ፍል ውሃውም በትኬት ሆኗል።

ይህ ሁሉ ግን እስከ ሰኔ ነው። ክረምት ሲገባ የነፃው ከተማ ግማሹ ይዘጋል። ደረጃው ይረጥባል፣ አግዳሚው ይረጥባል፣ የእንጦጦ መንገድ ጭቃ ይሆናል። ዝናብ ሲወርድ አንድ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ጣሪያ ይፈልጋል። ጣሪያ ያለው ደግሞ ካፌው ነው። በሐምሌና በነሐሴ ማኪያቶ የወንበር ብቻ ሳይሆን የጣሪያም ኪራይ ነው። ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ዋጋቸው የሚገባን ያኔ ነው። ከተማው ለበጋ የሠራውን ያህል ለክረምት አልሠራም፤ መናፈሻ እንጂ የተሸፈነ፣ ነፃ፣ ቁጭ የሚባልበት ቦታ በየወረዳው የለንም። የወጣት ማዕከላት ለዚህ ነበር የታሰቡት። ብዙዎቹ ግን ፑል ቤትና የስብሰባ አዳራሽ ሆነው አረፉት።

ኮሪደሩ አንድ ትልቅ ችግር ፈታ፤ የሕዝብ መጸዳጃ። ለዚህ ብቻ ካፌ የምንገባ ሰዎች ምስጋናችን ከልብ ነው። አግዳሚ ወንበሮችም አሉ፤ እሁድ ከሰዓት ባዶ ማግኘት ግን ዕድል ይጠይቃል። በዚያው ልክ ደግሞ አንድ ነገር ወሰደብን። በየመንገዱ ጥግ፣ ላስቲክ ወጥራ፣ ሦስት አራት በርጩማ ደርድራ ጀበና የምትጥደዋን ሴት። የከተማዋ ርካሽ ወንበር እሷ ጋ ነበር። አንድ ስኒ ጠጥቶ አንድ ሰዓት መቀመጥ ይቻላል፤ ዕጣኑ፣ ወሬው፣ የአላፊ አግዳሚው ትዕይንት ሁሉ በዚያች ስኒ ሂሳብ ውስጥ ነው። በታደሱት ጎዳናዎች ላይ አሁን የላስቲክ ጥላ የለም። ለዓይን ያምራል፤ ኪስ ግን ልዩነቱን ያውቀዋል።

ኳስ ቤቶችን እንይ። ዲ ኤስ ቲቪ ቤት የርካሽ መዝናኛ ሊቅ ነው። አንድ ዲኮደር፣ አንድ ፕሮጀክተር፣ ሃያ ሠላሳ ረጃጅም አግዳሚ። አንዱ ቤተሰብ ብቻውን የማይችለው ወርኃዊ ክፍያ ለመቶ ሰው ሲከፋፈል ኢምንት ይሆናል። በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተደግፏል፤ "አርሴ ከ ሊቨር 1፡30" በጠመኔ ተጽፎበታል። ውስጥ ገብተህ ከማንቼ ደጋፊ አጠገብ ከተቀመጥክ ቲያትር ቤት መሄድ አያስፈልግህም። ግን ዙሪያህን እይ፤ ሴት የለችም። አንዲት ብትኖር የባለቤቱ እህት ናት፣ ለውዝ ትሸጣለች። ስለ ርካሽ የቅዳሜና እሁድ መዝናኛ ስናወራ ብዙውን ጊዜ የምናወራው ስለ ወንዶች ነው። ፑል ቤቱ፣ ጆተኒው፣ የሰፈር ሜዳው የወንድ ነው። እህቶቻችን ቅዳሜን ልብስ በማጠብ፣ እሁድን ለሰኞ ወጥ በመሥራት ያሳልፉታል።

አንድ የማንናገረው ወጪም አለ። "ልጋብዝህ" ነው። እኛ አገር ሂሳብ መካፈል ገና አልደላንም። ሁለት ሰው ካፌ ከገባ አንዱ ይከፍላል፤ ሌላው ለይምሰል ኪሱን ይደባብሳል፣ "ኧረ በሞቴ!" ይባባላሉ። ደስ ይላል። ግን የከፈለው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት አይደውልም፣ የተጋበዘውም ሳይጋብዝ መደወል ያፍራል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ጓደኛሞች ሳይጣሉ ይጠፋፋሉ። በዩኒቨርሲቲ ዘመናችን "እናዋጣ" ስንል ማንም አያፍርም ነበር። አሁን እኔና ጓደኛዬ ተስማምተናል፦ ወክ ከመጀመራችን በፊት ካፌ እንደማንገባ እንነጋገራለን። ውሃ ከቤት እንይዛለን፣ ቆሎም እሱ ያመጣል። አብርሆት ወይ መስቀል አደባባይ ደርሰን እንቀመጣለን። መጀመሪያ ሰሞን የንፉግ ሥራ መስሎን ነበር፤ አሁን ግን በወር ሁለቴ እንገናኛለን።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የእህቴ ሰፈር ነው። ኮንዶሚኒየም ናት፣ ዳር። ከተማ ወርደው መዝናናት ካቆሙ ቆዩ፤ 16 ሂሳቡን አስልታው ትታዋለች። እሁድ ከሰዓት ከሕንፃው ሥር፣ ጥላ ባለበት በኩል፣ አንዷ ጎረቤት ከሰል ታያይዛለች። ተራ አላቸው። የዚህ ሳምንት ባለ ተራ ቡናውን ትቆላለች፣ ሌላዋ ስኳር ይዛ ትመጣለች፣ ሌላዋ ፈንዲሻ። ወንዶቹም ኳስ ከሌለ ይቀላቀላሉ። ልጆቹ የመኪና ማቆሚያውን ሜዳ አድርገውታል፤ ጎሉ ሁለት ጄሪካን ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ሦስት ሰዓት ይሄዳል። የሚጎድል ነገር ቢኖር ያው የመጀመሪያው ችግር ነው። ባለ ተራዋ ያሏት ሦስት በርጩማ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ዕጣኑን ጣል ታደርግና ቀና ብላ እስከ አራተኛ ፎቅ ድረስ ትጣራለች፦

"ኑ፣ ቡና ተፈልቷል! ወንበር ይዛችሁ ውረዱ!"